ስላላሳቀኝ ታላቅ ፊልምና ዝናብ ስላበሰበሳቸው ጎረቤቴ

ለተከበሩ የሲኒማ ቤታችን የፊልም መራጭ ኮሚቴ ሊቀ መንበር፣
ባሉበት።

ክቡርነትዎ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል እያልኩ በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። በተለይ ጉሮሮዎ እንደተሻለው ተስፋ አደርጋለሁ፤ ፊልሙ ከመጀመሩ በፊት መድረክ ላይ ወጥተው ስለ ፍቅር ያደረጉት ንግግር ከፊልሙ እምብዛም የማያጥር ስለነበረ፣ እኔ ከኋላ ወንበር ሆኜ ሳዳምጥ ከፍቅሩ ይልቅ የጉሮሮዎ ነገር ሲያሳስበኝ ቆይቷል። እኔ በበኩሌ ደህና ነኝ። ይህን ደፍሬ የምናገረው፣ እርስዎ በዚያው ንግግርዎ «ይህን ፊልም አይቶ ያልሳቀና ያላለቀሰ ሰው ልቡን ይመርመር» ብለው ስለነበር፣ ለሌላ ጉዳይ ሐኪም ዘንድ በሄድኩበት አጋጣሚ ልቤንም አስመርምሬ ምንም እንከን እንደሌለበት ስለተነገረኝ ነው። ሐኪሙ ፊልሙን አይቶት እንደሆነ አልጠየቅኩትም።

ራሴን ላስተዋውቅ። ከሲኒማ ቤትዎ ጀርባ ባለው መንገድ ላይ የላውንደሪ ባለቤት ነኝ። ባሌን ከቀበርኩ ብዙ ዓመት ሆኖኛል፤ ልጅ የለኝም፤ የእህቴ ልጅ ባንኮኒው ላይ ሆና ልብስ በመቀበልና በመመለስ ታግዘኛለች። ቅሬታዬን በጋዜጣ በኩል ማቅረቤን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ እለምናለሁ። ሁለት ጊዜ ቢሮዎ ድረስ መጥቼ፣ ሁለቱንም ጊዜ ስብሰባ ላይ መሆንዎ ተነግሮኝ፣ ፍቅርን የሚመለከት ስብሰባ ቢሆን ነው፣ አላቋርጣቸው ብዬ ተመልሻለሁ። እንግዲህ ቅሬታዎቼን በቅደም ተከተል ላቅርብ።

አንደኛ። ይህ ስለ ፊልሙ ራሱ ነው። በዚህ ከተማ ፊልሙን ያላየ ሰው ይኖራል ብዬ ባላምንም፣ ምናልባት አንድ ሁለት የተረሱ ቢኖሩ ብዬ ታሪኩን ባጭሩ ላስታውስ። አንድ የኢንሹራንስ ሠራተኛ ሊያገባ ጥቂት ሲቀረው፣ ሆቴል ውስጥ ከአንዲት የእንስሳት ሐኪም ጋር ጃንጥላ በስህተት ይለዋወጣል። በዚህች ጃንጥላ ምክንያት የፊልሙን አብዛኛውን ክፍል ሲጨቃጨቁ ይቆያሉ፤ እሱ ይሰድባታል፣ እሷ ውሃ ትደፋበታለች፣ አዳራሹ ይስቃል። በመጨረሻ ሴትየዋ አገር ለቃ ልትሄድ መርከብ ስትሳፈር፣ ሰውዬው እጮኛውን ሠርጉ አዳራሽ ውስጥ ትቶ፣ ዝናቡ እንደ ጉድ እየወረደ እስከ ወደቡ ድረስ ይሮጥና «ጃንጥላው ያንቺ ነው፤ ዝናቡ ግን የሁለታችን ነው» ብሎ ይጮኻል። መርከቡ ዞሮ ይመለሳል። ሕዝቡ ያጨበጭባል። ፊልሙ ያልቃል።

ክቡርነትዎ፣ እኔ ፊልም የምጠላ ሰው አይደለሁም። ባሌ በሕይወት ሳለ ሲኒማ ሳንገባ ያሳለፍነው እሑድ ጥቂት ነው። የሚያስቀኝን ፊልም ሳይ ሳቄን መቆጣጠር ስለማልችል ባሌ በክርኑ ይጎሽመኝ ነበር። ስለዚህ እርስዎ «የፍቅር ፊልሞች ሁሉ አባት» ያሉትን ለማየት ስመጣ ተዘጋጅቼ ነው የመጣሁት፤ ከታች ያለውን ጥርሴን ሳይቀር አስሞልቼ ነበር። ነገር ግን አጠገቤ ያሉት በሳቅ ሲንፈራፈሩ እኔ ለመተባበር ያህል ከንፈሬን ከፈት ባደርግም ሳቁ አልመጣልኝም። ጃንጥላውን ለምን እዚያው ሆቴሉ እንግዳ መቀበያ ላይ አስቀምጠው እንዳልተገላገሉ መልስ ስጠብቅ ፊልሙ ተጋመሰ። መርከቡ ሲዞር ሁሉም ከወንበሩ ብድግ ሲል ደግሞ፣ እኔ ያሰብኩት ስለቀሩት ተሳፋሪዎች ነበር። ከነሱ መካከል የታመመች እናቱን ሊጠይቅ የሚሄድ አንድ ሰው እንኳ አይጠፋም። ካፒቴኑስ ቢሆን አለቃ የለውም?

ሁለተኛ። ያቺ አዳራሽ ውስጥ የቀረች እጮኛ ምን አጥፍታ ነው? ሰውዬው በታየ ቁጥር ሸሚዙ ጥርት ብሎ የተተኮሰ ነው፤ እሱ ሲተኩስ ግን አንድም ጊዜ አላየነውም። አንድ ቦታ ላይ እሷ ካውያ ይዛ ከበስተጀርባው እልፍ ትላለች፤ ደራሲው ለእሷ የሰጣት ትልቁ ሥራ ይኸው ነው። አትጮህም፣ ውሃ አትደፋም፣ ጃንጥላዋ አይጠፋባትም፤ እናም በዚህ ጥፋቷ ተቀጣች። ቬሏን እንደለበሰች በር በሩን ስታይ፣ አጎቷ ሰዓቱን ደጋግሞ ሲመለከት አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔ መሀረቤን ያወጣሁት ያን ጊዜ ነው። በቦታው ባይሆንም አልቅሻለሁና ይመዝገብልኝ።

ሦስተኛ። ይህኛው ይረዝማልና ትዕግሥትዎን እለምናለሁ። ፊልሙ ብቻውን ቢሆን ኖሮ አልወደድኩትም ብዬ ወደ ሥራዬ እመለስ ነበር፤ የእርስዎ ምክር ሲጨመርበት ግን ግድግዳዬን አልፎ መጣ።

ከሱቄ ጋር በአንድ ግድግዳ የሚዋሰኑኝ ቁልፍ ቀራጭ ጎረቤት አሉኝ። ሚስት አግብተው የማያውቁ፣ «እንደምን አደሩ» እና «ደህና ይዋሉ» ካሉ ለሳምንቱ የሚበቃቸው ዝምተኛ ሰው ናቸው። ሰኞ ሰኞ ጠዋት ሸሚዞቻቸውን ያመጡልኛል። በእኛ ሥራ ደግሞ ልብስ ውሃ ከመንካቱ በፊት ኪሱ ይፈተሻል፤ የተገኘው ነገር በትንሽ ከረጢት ሆኖ ከመስቀያው ጋር ይታሰርና ለባለቤቱ ይመለሳል። አንድ ሰኞ ከሸሚዛቸው ኪስ አንዲት ከረሜላ አገኘሁና እንደ ደንቡ በከረጢት አድርጌ መለስኩላቸው። በሚቀጥለው ሰኞ ሁለት ሆነች። አንዷን በልቼ አንዷን መለስኩ።

ከዚያ ወዲህ የጎረቤቴ ኪስ ባዶውን መጥቶ አያውቅም። የመሳቢያዬ እጀታ መላላቱን አይተው ኖሮ አንድ ቀን ልኩ የሆነ ብሎን አገኘሁ። ክረምት ላይ እጄ በሳሙና ሲሰነጣጠቅ የእጅ ቅባት አገኘሁ። ጥርሴን ያመመኝ ሰሞን ደግሞ ከረሜላው ቀርቶ በቦታው ክኒን መጣ። እኔም ሸሚዛቸውን ስመልስ ኪሱን ባዶ አልሰድም፤ ዓይናቸው ደከም እንደማለቱ የመነጽር መጥረጊያ፣ ጉንፋን ሲይዛቸው የስማቸውን ፊደል የጠለፍኩበት መሀረብ። ስለዚህ ጉዳይ አንዲት ቃል ተለዋውጠን አናውቅም፤ መንገድ ላይ ስንገናኝ አሁንም አንቱ ነው የምንባባለው። የእህቴ ልጅ «ኧረ አክስቴ፣ እናንተ ሰዎች ግን መቼ ነው የምትነጋገሩት?» ስትለኝ «እየተነጋገርን እኮ ነው» እላታለሁ። ዓመታት እንዲህ አለፉ፤ ደስ ይለኝ ነበር። ሰኞን የምወድ ብቸኛዋ የዚህ ከተማ ነዋሪ እኔ ሳልሆን አልቀርም። ለዚህ ሁሉ የኮሚቴው ፈቃድ እንደሚያስፈልግ ግን ሁለታችንም አላወቅንም ነበር።

የፊልሙን አርባኛ ዓመት ስታከብሩ ከኪሳቸው የሲኒማ ትኬት ወጣ። ለብሼ፣ ተቀባብቼ፣ ጎን ለጎን ተቀምጠን አየነው። እርስዎም በንግግርዎ ሦስት ነገሮች አስተማሩን፤ እውነተኛ ፍቅር በጠብ ይጀምራል፣ በአደባባይ ይታወጃል፣ ዝምታ የፈሪ መሸሸጊያ ነው። ጎረቤቴ በሥራቸው መመሪያ የሚያከብሩ ሰው ስለሆኑ ሦስቱንም በጥሞና አዳመጡ። መርከቡ ሲመለስ እንባቸው ዱብ ዱብ ሲል አየሁ። ስንወጣ ፊልሙን እንዴት አገኙት ሲሉኝ፣ እኔ መዋሸት ስለማይሆንልኝ «የሰውዬው ካፖርት ሱፍ ነው፤ ያን ያህል ዝናብ ከጠጣ በኋላ መቼም ካፖርት አይሆንም» አልኳቸው። ዝም አሉ። ያን ዝምታቸውን ከሌላው ዝምታቸው መለየት ለሌላ ሰው ይከብዳል፤ እኔ ግን ደንግጬ ተመለስኩ።

በሚቀጥለው ሰኞ ኪሳቸው ባዶ ነበር። ሁሉንም ሸሚዞች ደጋግሜ ፈተሽኩ፤ እንኳንስ ከረሜላ ብናኝም የለም። ሐሙስ ዕለት ደግሞ ሸሚዝ ይዘው ገቡና ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ኮሌታው በደንብ አልተተኮሰም አሉኝ። ተናግረው ሲጨርሱ ፊታቸው ቀልቶ ይቅርታ ጠየቁኝ። ከቀናት በኋላ የማጠቢያ ማሽኔ ድምፅ በግድግዳው አልፎ ሥራ እንደሚያስፈታቸው ሊቆጡኝ መጡ፤ ቁጣው መካከል ላይ ሲደርሱ ግን ማሽኑ ዘይት ፈልጎ ሊሆን እንደሚችል ነግረውኝ ዘይቱን ሊያመጡ ሄዱ። አሁን ሳስበው ልክ በመመሪያዎ መሠረት እየተጣሉኝ ነበር። እኔ ለእንዲህ ዓይነቱ ጠብ የሚሰጠውን ተገቢ መልስ ስላላወቅኩ ኮሌታውን ደግሜ ተኮስኩላቸው።

ጠቡ አልሳካ ሲል ወደ አዋጁ ተሸጋገሩ። አዋጁ ዝናብ ይፈልጋል፤ ወቅቱ ግን የዝናብ አልነበረም። ጎረቤቴ በየጠዋቱ ሱቃቸው ደጃፍ ቆመው ወደ ሰማይ ሲያንጋጥጡ አንገታቸውን አሟቸው ይሆናል ብዬ ለማሸት የሚሆን ቅባት መሀረባቸው ውስጥ ጠቅልዬ ሰደድኩላቸው። በስንት ጊዜው አንድ ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ጠቆረና ወረደው። ሱቄ ዝናብ በሸሹ ሰዎች ጢም ብሎ ሞላ። እንደሚያውቁት በአንድ ግድግዳ የሚዋሰን ሰው ሮጦ ሊመጣ አይችልም፤ አጉል ቢፈጥን በሩን ያልፈዋል። ስለዚህ ጎረቤቴ ቀድመው ደመናውን አይተው አውቶቡስ ተራ ድረስ በእግራቸው ሄደው፣ ዝናቡን እዚያ ጠብቀው፣ ከዚያ ወደ እኔ ሮጡ። ጉልበታቸው ድሮም አይታዘዝላቸውም።

ደረሱና ከበሩ ውጭ ቆሙ። ወደ ውስጥ መግባት ደንቡን ያፈርሳል። ጥሩው የሱፍ ኮታቸው ውሃውን ጠጥቶ እስከ ጉልበታቸው ወርዷል፤ ከንፈራቸው ጠቁሯል፤ ትንፋሽ እስኪመለስላቸው ሰዉ ሁሉ ጠበቀ። ከዚያ «ጃንጥላው ያንቺ ነው፤ ዝናቡ ግን የሁለታችን ነው» አሉኝ። ጃንጥላ አልያዙም ነበር። በሕይወታችን ለመጀመሪያ ጊዜ አንቺ አሉኝ፤ እሱም የፊልሙ ሆነ። ሱቁ ውስጥ ያለው ሰው በሙሉ ፊልሙን በቃሉ ያውቀዋልና ፊቱን ወደ እኔ አዞረ፤ ሴትየዋ የምትመልሰውን ቃል እንድመልስ ነው። የእህቴ ልጅ ለማጨብጨብ እጇን አዘጋጅታለች። እኔ ቃሉ አልመጣልኝም። የታየኝ ሰውየው መንቀጥቀጣቸው ብቻ ነው። በዚያች ቅጽበት ልቤ ውስጥ ያለውን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ተናገርኩ። «ይግቡ እንጂ! ኮቱን ያውልቁት፤ ይበላሻል!» አልኩ።

አዳራሽዎ ውስጥ እንኳ ያልሰማሁትን ዓይነት ሳቅ ያን ዕለት በሱቄ ሰማሁ። ጎረቤቴ ኮታቸውን ቀስ ብለው አወለቁ፤ ባንኮኒዬ ላይ አጥፈው አስቀመጡ፤ እያነከሱ ሄዱ። ተከትዬ ብወጣም ስማቸውን ጮክ ብዬ ጠርቼ ስለማላውቅ አፌ ተያዘ። ክቡርነትዎ፣ ብርድ ለመታው ሰው ኮትህን አውልቅ ከማለት የበለጠ የፍቅር ቃል እኔ አላውቅም። እሳቸውም ከፊልሙ በፊት ቢሆን ኖሮ ያውቁት ነበር።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሱቃቸው ዝግ ነው። ጉልበታቸው አብጦ ቤታቸው እንደተኙ የእህቴ ልጅ ሰምታ ነግራኛለች፤ መጥቼ ልጠይቃቸው ብዬ ብልክባቸው ደህና ነኝ፣ አይድከሙ ብለውኛል። ይህን ሁሉ እችለው ነበር። ነገር ግን ባለፈው ሰኞ ሸሚዞቻቸውን ከመንገዱ ማዶ ላለው ላውንደሪ ላኩ። ያን ሰማያዊ ሸሚዝ በሌላ ሰው መስቀያ ላይ ተንጠልጥሎ በመስኮት ሳየው ካውያዬን በፊቱ ደፍቼ ረስቼው ኖሮ የሰው ሱሪ አቃጥያለሁ። በሙያዬ እንዲህ ያለ ነገር ደርሶብኝ አያውቅም። ባሌ ከሞተ ወዲህ እንደዚያን ቀን ብቻዬን መሆኔ ተሰምቶኝ አያውቅም።

አራተኛ። ይህ ቅሬታ ይሁን ሌላ ነገር እርስዎ ይፍረዱ። ኮቱ እኔው ዘንድ ቀርቷል። ሥራ ሥራ ነውና ከማጠቤ በፊት ኪሱን ፈተሽኩ፤ አዲስ የተቀረጸ የቤት ቁልፍ አገኘሁ። ምናልባት የደንበኛ ቢሆን ብዬ እንዳላስብ ጎረቤቴን አውቃቸዋለሁ። የቀረጹትን ቁልፍ ለቤቱ ባለቤት ካልሆነ በቀር ለማንም አይሰጡም፤ ወንድሜ ነው የላከኝ፣ አከራዬ ናት ያዘዘችኝ ብሎ የመጣውን ሁሉ «የበሩ ባለቤት ራሱ ይምጣ» ብለው ሲመልሱ ስንት ጊዜ በግድግዳው ሰምቻለሁ። በዚህ አቋማቸው ስንት ደንበኛ አጥተዋል። እንግዲህ እንዲህ ያሉ ሰው የእኔ እጅ ሊገባበት በሚችል ኪስ ውስጥ የገዛ ቤታቸውን ቁልፍ ከጨመሩ፣ ምን ማለታቸው እንደሆነ መድረክ ላይ ወጥቶ የሚያስረዳኝ አያስፈልገኝም። ቁልፉን የቀረጹትም ፊልሙን ከማየታቸው በፊት እንደሚሆን እገምታለሁ፤ ፊልሙን ካዩ በኋላ ጸጥ ያለ ነገር መሥራት ትተዋልና።

እርስዎ ባይመክሯቸው ኖሮ ያ ኮት እንደ ወትሮው ሰኞ ጠዋት ደረቁን ይመጣ ነበር። እኔም ኪሱን ፈትሼ ቁልፉን አገኝ ነበር። ኮቱን ስመልስ ከመስቀያው ጋር ከረጢት አለመታሰሩን ሲያዩ መልሴን ያውቁት ነበር። ማንም አይስቅም፣ ማንም አያነክስም፣ የሰው ሱሪ አይቃጠልም ነበር። ስለዚህ ላደረጉልን ሁሉ ከልብ አመሰግናለሁ፤ ሁለት ሰዎች ያለ አንዳች ድምፅ ዓመታት ፈጅተው የሠሩትን እርስዎ በአንድ ንግግር ማሳመርዎ ቀላል ችሎታ አይደለም። ለወደፊቱ የምለምነው ጥቂት ነው። ፊልሙን ስታሳዩ፣ የሰውዬው ዝናብ ከቱቦ የሚለቀቅ ውሃ መሆኑን፣ ሯጩም ከሩጫው በኋላ ትኩስ ነገር የሚያቀርብለት ሰው እንዳለው ለተመልካቹ ይነገር፤ በተለይ ጉልበቱን ለሚያመው ተመልካች። እጮኛይቱ ከዚያ በኋላ የት እንደደረሰች የሚያውቅ የኮሚቴ አባል ካለም ይንገረኝ።

ይህ ደብዳቤ የተጻፈው ለእርስዎ ነው። ሆኖም ጎረቤቴ ይህን ጋዜጣ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ ማስታወቂያው ሳያነቡ የማያስቀምጡ ሰው ስለሆኑ፣ እግራቸውን ትራስ ላይ ሰቅለው እዚህ መስመር ላይ ደርሰው ቢሆን ጥፋቱ የኔ አይደለም። ሴትየዋ በፊልሙ መጨረሻ የምትመልሰውን ቃል የእህቴ ልጅ ሁለት ጊዜ ነግራኝ ሁለት ጊዜ ረስቼዋለሁ። የኔ መልስ እሺ ነው። ያን ዕለትም እሺ ነበር፤ ትኬቱ ከመምጣቱ በፊትም እሺ ነበር። ኮቱ ቀስ ብሎ ደርቆ፣ በእንፋሎት ተተኩሶ፣ ከፈራሁት በላይ ደህና ሆኗል። ቅዳሜ ከሰዓት ሱቄን ዘግቼ ይዤው እሄዳለሁ፤ ሳላንኳኳም በሩን ራሴ እከፍተዋለሁ። ማጨብጨብ ያማረው ሰው ሲኒማ ቤት ይሂድ። ዝናብ ከጣለ ግን እስኪያባራ እጠብቃለሁ።

ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለጉሮሮዎ ፋታ፣ ለኮሚቴዎ ደግሞ ሌላ ፊልም እየተመኘሁ፣ ጊዜዎን ስለተሻማሁ ጎንበስ ብዬ ይቅርታ የምጠይቅ፣

ትሑት ተመልካችዎ፣
ከቁልፍ ቀራጩ ግድግዳ ወዲህ ያለችው የላውንደሪ ባለቤት።

ድኅረ ጽሑፍ፦ መድረክ ላይ ለብሰውት የነበረውን ግራጫ ሙሉ ልብስዎን ባለቤትዎ መጥተው ወስደውታል። ለጨዋታ ያህል እሳቸው ፊልሙን እንዴት እንዳገኙት ብጠይቃቸው፣ እርስዎ ያን ሁሉ ዓመት ሲያዩት እሳቸው አንድም ቀን አብረን እንሂድ ተብለው እንደማያውቁ ነገሩኝ። «ብዙ ነገር አልቀረብዎትም» ብዬ አጽናንቻቸዋለሁ።